«ላም አለኝ በሰማይ» ከማለትህ በፊት

ልጄ፣ ቁጣህ ገብቶኛል። ጁላይ 4 ቀን 2025 እዚህ አሜሪካ የተፈረመው ያ ወፍራም ሕግ ከድሆች የጤና መድን፣ ከሜዲኬይድ ላይ ሲቀንስ፣ በዚያው ሰነድ ውስጥ ሰው ወደ ጠፈር ለመላክ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ጨመረ። አንተም ይህን ሰምተህ «ጋሼ፣ ድሃ እያለ ሰው ወደ ጠፈር መላኩን ለምን አይተዉትም? የነዚህ ሰዎች ነገር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው» አልከኝ። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ሲተርት መስማት ብርቅ ነውና ደስ አለኝ። ግን ተረቱን ትንሽ ላስተካክልልህ። ላሚቱ ሰማይ ላይ ትሁን እንጂ የምትታለበው ምድር ላይ ነው። ማን እንደሚያልባት ካላወቅህ ጩኸትህ ሁሉ ለነፋስ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እንወቅ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። በ1966 የጨረቃው ጉዞ ሲጧጧፍ ናሳ ከፌዴራሉ መንግሥት ወጪ ከመቶ 4 እጅ በላይ ይወስድ ነበር። ዛሬ ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በዓመት ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር መሆኑ ነው፣ ሰው ለመላክ የሚውለው ደግሞ የዚያ ግማሽ ገደማ። ለዕዳ ወለድ ብቻ በ2024 የበጀት ዓመት ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። የጨረቃው ገንዘብ ትንሽ ነው አላልኩህም። ሌላውን ሁሉ ትተህ እሱን ብቻ ስትደበድብ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብህ ነው የምልህ።

ይህን ጥያቄ ከአንተ በፊት የጠየቁ ሰው ነበሩ፤ ያውም እኔም አንተም የሌለን የትግል ታሪክ ያላቸው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በዓመቱ፣ የእሳቸውን ቦታ የተኩት ቄስ ራልፍ አበርናቲ ጁላይ 15 ቀን 1969 ፍሎሪዳ ደረሱ። አፖሎ 11 ሊወነጨፍ አንድ ቀን ቀርቶታል። ድሆች ቤተሰቦችን አስከትለው፣ በቅሎ እያስጎተቱ፣ እየዘመሩ ነው የመጡት። ሰማዩ ደምኗል፣ ካፊያ ቢጤ ይላል። የናሳው ዋና ኃላፊ ቶማስ ፔይን ዘበኛ አልላኩባቸውም፤ ኮት እንኳ ሳይደርቡ ሜዳው ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። አበርናቲ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛው በቂ ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያና ሕክምና እንደሌለው፣ እንዲህ ያለ ችግር ባለበት አገር የጠፈር ጉዞ ግብረ ገብነት እንደሚጎድለው ነገሯቸው። ፔይንም የነገውን የማስወንጨፊያ ቁልፍ አለመጫን ድህነትን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ አንጫነውም ነበር ብለው መለሱ። ከመጡት ውስጥ ማስወንጨፉን ለሚያዩ ቤተሰቦች ቦታ አሰጡ፤ ቄሱም ለጠፈርተኞቹ እንደሚጸልዩ ቃል ገቡ። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ሁለቱም ሳይሰዳደቡ መለያየታቸውን ነው። ዛሬ ቢሆን ምን እንደሚባባሉ አንተ ታውቃለህ።

ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሆነውን ተመልከት። አፖሎ 18፣ 19 እና 20 ተሰረዙ። በ1966 ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ የነበረው የናሳ በጀት በ1974 ከ3 ቢሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር። እንግዲህ ከጨረቃ የተቀነሰው ድሃው ደጅ ደረሰ? አልደረሰም። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለፀረ ድህነት ዘመቻ ያቋቋሙት መሥሪያ ቤት ራሱ በኒክሰን ዘመን እንዲፈርስ ተደረገ። ሁለቱንም የቆረጣቸው አንድ ቢላዋ ነው። ስለዚህ «ያንን ቢተዉት ለእኛ ይሰጡን ነበር» የሚለውን ክርክር ከአፍህ አውጣው፤ በጀት እንደ ቤት ውስጥ ሣጥን አይደለም፣ ከአንዱ ኪስ የወጣው ወደ ሌላው የሚገባው አስገቢ ሲኖረው ነው።

ስለ ቢላዋ ካነሳን አይቀር አንድ ሰው ላስተዋውቅህ። ካስፐር ዋይንበርገር በ1971 የኒክሰን የበጀት ቢሮ ምክትል ኃላፊ ነበሩ። ወጪ በመቁረጥ የታወቁ ስለሆኑ «ካፕ ቢላዋው» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። በዚያ ዓመት በኦገስት፣ አፖሎ 16 እና 17ም ይሰረዙ ሲባል፣ እኚሁ ቆራጭ ለፕሬዚዳንቱ ማስታወሻ ጻፉ፤ አይሰረዙ ብለው። ናሳ ሁልጊዜ ቢላዋ የሚያርፍበት ጥፋት ስለተገኘበት ሳይሆን ሊቆረጥ ስለሚችል ነው፤ አብዛኛው ሌላ ወጪ በሕግ የታሰረ ነውና ቢላዋው አይገባውም አሉ። ደግሞም አሁን ብናቆም በአገር ውስጥም በውጭም መልካሙ ዘመናችን አልፏል ያልን ያህል ይቆጠራል ሲሉ አስጠነቀቁ። ኒክሰንም ወረቀቱ ላይ በእጃቸው ከካፕ ጋር እስማማለሁ ብለው ጻፉበት። ሁለቱም በረራዎች በ1972 ተፈጸሙ፤ የተመላላሹ መንኮራኩር፣ የሻትል፣ ፕሮግራምም በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ተፈቀደ።

ያቺን ማስታወሻ ያነበበ ሰው የጠየቅኸኝን ግማሹን ያገኛል። በጀት ሲጠብ መንግሥት ሰው ወደ ጠፈር መላኩን የማይተወው ገንዘብ ተርፎት አይደለም። ማቆሙ ስለሚያስፈራው ነው።

ከሁሉ የሚፈሩት ስማቸውን ነው። ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞረ። በሳምንቱ ደግሞ አሜሪካ ያሰለጠነቻቸው ስደተኞች ኩባ ላይ፣ ቤይ ኦፍ ፒግስ፣ ተሸነፉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ኬኔዲ አጥራቸው ሲነቀነቅ ሰሙ። ጋጋሪን በተመለሰ በስድስት ሳምንቱ ኮንግረስ ፊት ቆመው አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ እናውርድ አሉ። በኖቬምበር 1962 ዋይት ሐውስ ውስጥ ከናሳው ኃላፊ ከጄምስ ዌብ ጋር ሲከራከሩ የተቀዳ ድምፅም አለ። እዚያ ላይ ለጠፈር ለራሱ ያን ያህል ግድ እንደሌላቸው፣ ይህን ሁሉ ወጪ የሚያስችለው ሶቪየቶችን የመቅደሙ ጉዳይ እንደሆነ ሳያፍሩ ይናገራሉ። ዛሬ በሶቪየት ቦታ የቆመችው ቻይና ናት። በ2003 ያንግ ሊዌይን በራሷ መንኮራኩር ልካለች፣ አሁን ደግሞ ከ2030 በፊት ሰው ጨረቃ ላይ አወርዳለሁ ትላለች። ያንን 10 ቢሊዮን በሕጉ ውስጥ ያስጨመሩት የቴክሳሱ ሴናተር ቴድ ክሩዝ ምክንያታቸው ቻይናን መቅደም ነው። የናሳ የጠፈርተኞች ማዕከል ያለባት ሂውስተንም ቴክሳስ ውስጥ ናት፤ ይህችን አትርሳ።

ሁለተኛው ፍርሃት ሥራና መራጭ ማጣት ነው፤ እዚህ ላይ ወተቱን የሚያልቡት መታየት ይጀምራሉ። የጨረቃው ሮኬት ኤስኤልኤስ የሚመራው ከሃንትስቪል አላባማ ነው። ገላው ኒው ኦርሊንስ ይገጣጠማል፣ ሞተሩ ሚሲሲፒ ይፈተናል፣ ጎንና ጎኑ የሚታሰሩት ገፊዎች የሚሠሩት ዩታ ነው፣ የሚወነጨፈው ከፍሎሪዳ። ሻትል ሲያበቃ ያ ሁሉ ሠራተኛ እንዳይበተን ኮንግረስ በ2010 ባወጣው ሕግ የተወለደ ሮኬት ስለሆነ ነቃፊዎቹ «የሴኔት ሮኬት» ይሉታል። የናሳ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር በ2022 እንዳስላው፣ የመጀመሪያዎቹ አራት በረራዎች እያንዳንዳቸው ከነመንኮራኩራቸው 4.1 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣሉ፤ በዚህ አያያዝ እንደማይዘለቅም ለኮንግረስ ተናግሯል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የእኛ አገር ሹመኛ አመል ብቻ እንዳይመስልህ። የአላባማ ሴናተር ለመራጩ እንጀራ ማስገባቱን አልነቅፍበትም፤ እንጀራውን የሳይንስ ካባ ሲያለብሰው ግን ዝም ማለት የለብንም።

ሦስተኛው ፍርሃት የሠለጠነ እጅ መበተኑ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ሩሲያን ተመልከት። ሰርጌይ ክሪካልዮቭ በሜይ 1991 ወደ ሚር የጠፈር ጣቢያ ሲወጣ የሶቪየት ኅብረት ዜጋ ነበር። አገሪቱ ገንዘብ ስላጠራት የጣቢያዋን መቀመጫ ለጃፓን ጋዜጠኛ፣ ለኦስትሪያ መንግሥት ትሸጥ ጀመር። የእሱ ምትክ የሚሆነው የበረራ መሐንዲስ ቦታ ደግሞ ለካዛኪስታን ሰው ተሰጠ፤ ማስወንጨፊያው ባይኮኑር ካዛኪስታን ውስጥ ነውና ባለ አገሩን ማስደሰት ግድ ነበር። ክሪካልዮቭ እዚያው ላይ ቆየ። እሱ ሲዞር አገሩ ፈረሰች፣ የተወለደባት ሌኒንግራድ ሴንት ፒተርስበርግ ሆነች። ከ311 ቀን በኋላ፣ ማርች 25 ቀን 1992፣ ካዛኪስታን ላይ አረፈ፤ ያች አገር በዚያን ጊዜ ሌላ አገር ሆናለች። ዳቦ ለመግዛት ሰልፍ ይቆም በነበረበት ዘመን ሞስኮ ጣቢያዋን አልጣለችም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነው፤ ዓለም ገንዘብ ከሚከፍልባቸው ከቀሯት ነገሮች አንዱ እሱ ነበር።

አሜሪካም ይህን አይታለች። ጁን 1993 የጠፈር ጣቢያው ይሰረዝ የሚል ሐሳብ በተወካዮች ምክር ቤት 215 ለ216 ወደቀ፤ በአንድ ድምፅ! ክሊንተን በዚያው ዓመት ሩሲያን ወደ ጣቢያው ሲያስገቡ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። ለሩሲያ የ400 ሚሊዮን ዶላር ውል ተሰጠ፤ ሩሲያም ለህንድ ልትሸጥ የነበረውን የሮኬት ሞተር ቴክኖሎጂ ላለማስተላለፍ ተስማማች። ደመወዝ ያጡ የሚሳይል መሐንዲሶች ለማን እንደሚያድሩ ማሰብ እንቅልፍ ይነሳ ነበርና፣ ዋሽንግተን ጣቢያ ስትሠራ ጥበቃም እየቀጠረች ነበር። ከነገርኩህ ሁሉ ለእኔ ይህኛው ምክንያት ሚዛን ይደፋል።

ያቆመ ሰው እንደገና ለመጀመር ስንት እንደሚከፍልም አይተናል። ሻትል በ2011 ሲቆም አሜሪካ የራሷን ሰው የምትልክበት አጣች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሩሲያ ሶዩዝ ተሳፈረች፣ በመጨረሻ ለአንድ መቀመጫ እስከ 90 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። በ2014 ስለ ክሬሚያ ማዕቀብ ሲጣልባቸው የሩሲያው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሮጎዚን አሜሪካኖቹ ጠፈርተኞቻቸውን በትራምፖሊን ይላኩ ብሎ አላገጠ። የቸገረው ተሳፋሪ ስድብም ይሰማል፣ ሂሳብም ይከፍላል። እስከ ሜይ 2020 ድረስ ይኸው ነበር።

ነገር ግን እነዚህን ምክንያቶች ነገርኩህ ማለት ሁሉንም አምናለሁ ማለት አይደለም። ለ2026 ዋይት ሐውስ ያቀረበው ዕቅድ የናሳን ሳይንስ በግማሽ ገደማ ልቁረጥ፣ ሰው ለመላክ የሚውለውን ግን ልጨምር የሚል ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ድርቅንና ጎርፍን ከላይ ሆነው የሚያዩት ሳተላይቶች እኮ በዚያኛው በጀት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ስትከራከር ሁለቱን አትደባልቅ። የኛይቱ ኢትዮጵያ ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ታይዩዋን ያስወነጨፈቻት ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት ስትነሳ «ሕዝቡ ሳይበላ» ያለ ብዙ ነበር። 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን፣ እርሻና ደን የምታይ፣ ከወጪዋም አብዛኛውን ቻይና የሸፈነችላት ናት። ያችን ሰው ጨረቃ ላይ ከማውረድ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደግሞ ቴፍሎንና ቬልክሮ ከጠፈር የመጡ ናቸው የሚልህን አትስማው፤ ሁለቱም ናሳ ሳይቋቋም ነበሩ። ያለ ሐሰት መሟገት ካልቻለ ጉዳዩን አላመነበትም። በሌላ በኩል ጠፈርተኞቹን ራሳቸውን አትሳደብ። በ1986 ቻሌንጀር ላይ ሰባት፣ በ2003 ኮሎምቢያ ላይ ሰባት ሰው አልቋል፤ በጀቱን እነሱ አላጸደቁትም።

አሁን ለእንደራሴህ ልትጽፍ ካሰብክ ጻፍ። ግን «ጨረቃ ለምኔ» ብለህ አትጀምር፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ጸሐፊዋ አንድ መስመር አንብባ ወደ ጎን ታደርገዋለች። ያንን የ4.1 ቢሊዮን ሂሳብ ጥቀስና፣ ሌሎች ኩባንያዎች ሮኬታቸውን መልሰው ሲያስነሱ እኛ በየበረራው አዲስ የምንጥለው ለምንድን ነው ብለህ ጠይቅ። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ የሜዲኬይዱን ጉዳይ ለብቻው አንሳ፣ በራሱ እግር ይቁም፤ ከሮኬቱ ጋር ካሰርከው አብሮ ይወድቅብሃል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አድራሻህን መጻፍ አትርሳ፣ ጸሐፊዋ እሱን ካላየች መራጫቸው መሆንህን አታውቅም።