እንባ የእምነት ጉድለት ነውን?

በግብፅ ምድር፣ ከሉክሶር ከተማ ማዶ በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ራሞሴ የተባለ የፈርዖን ጠቅላይ ሹም መቃብር ይገኛል። ሰውየው ከጌታችን ልደት ከ1,300 ዓመታት በላይ አስቀድሞ የኖረ ነው። በመቃብሩ ግድግዳ ላይ የቀብሩ ሥርዓት በቀለም ተሥሏል። የሴቶች ጉባኤ እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ እንባቸው በጉንጮቻቸው ላይ እየወረደ ያለቅሳሉ፤ በመካከላቸውም አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም፣ በግብፅ ሰው ሲሞት የቤቱ ሴቶች ራሳቸውን በጭቃ ቀብተው፣ ደረታቸውን እየመቱ በከተማው ውስጥ ይዞሩ እንደ ነበር ጽፎልናል።

ይህን ሥዕል የዳንግላ ወይም የእንጅባራ ሰው ቢያየው አስተርጓሚ አያሻውም። መርዶ ሲነገር የሚሰማውን ጩኸት፣ የጥሩምባውን ድምፅ፣ ተዘቅዝቆ የተለበሰውን ነጠላ፣ የሚደቃውን ደረት፣ በአውኚም በአማርኛም የሚወርደውን ሙሾ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋልና። በአዊ ምድር ፈረስ እንኳ የደስታ ብቻ ሳይሆን የሐዘንም ባልንጀራ ነው። ይህን ስንል ልማዳችን ከግብፅ መጣ ማለታችን አይደለም። የሰው ልጅ ሞትን በየትም ስፍራ እንደ ባዕድ ነገር ተቀብሎታል፤ ሰውነቱም በየትም ስፍራ ተመሳሳይ መልስ ሰጥቷል ማለታችን ነው።

እንግዲህ በትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣውን ጥያቄ እናንሣ። በትንሣኤ ሙታን ለሚያምን ክርስቲያን ጮኾ ማልቀስ ይገባዋልን? አንዳንዶች እንባ የእምነት ጉድለት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በኃይል ያላለቀሰ ሟቹን ናቀ ብለው ይፈርዳሉ።

እኛም በክህነት አገልግሎታችን መጀመሪያ ላይ ከፊተኞቹ ወገን ነበርን። አንዲት እናት በልጃቸው አስከሬን ላይ ሲያለቅሱ ስለ ትንሣኤ እየነገርን ዝም አሰኘናቸው፤ እሳቸውም ካህን አክብረው ዝም አሉ። ከወራት በኋላ መጥተው፣ «አባ፣ ያን ቀን ልጄን ሳልሰናበተው ቀረሁ» አሉን። መልስ አልነበረንም። ዛሬም ይህን የምንጽፈው ያ ቃል ስላልተወን ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትን በጥሞና ብናነብ ኖሮ እንዲህ ባላደረግን ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 50 ግብፃውያን ለአባታችን ለያዕቆብ 70 ቀን አለቀሱለት፤ ዮሴፍም በአጣድ አውድማ ሰባት ቀን የልቅሶ ሥርዓት አደረገለት፤ በዚህም አልተነቀፈም። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አነባ። ትንሣኤን የሚሰጠው እርሱ ራሱ ካለቀሰ፣ ትንሣኤን የሚጠባበቀው ምእመን ቢያለቅስ እንዴት እንደ ከሓዲ ይቆጠራል? ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ጨርሶ አትዘኑ አላላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ አሳሰባቸው እንጂ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ለሞተው ሰው እንባን ማፍሰስን ያዝዛል፤ ወዲያውም ሐዘን ሰውን እንዳይገድለው መጽናናትን ይመክራል። ስለዚህ ክርስቲያናዊ ሐዘን እንባም አለው፤ ልክም አለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። በሥርዓት የሚለቀስ ልቅሶ እውነተኛ ነውን? በጥንታዊት ግብፅ በክፍያ የሚያለቅሱ ሴቶች ነበሩ፤ በቀብሩም ላይ ሁለት ሴቶች ኢሲስና ኔፍቲስ የተባሉትን አማልክት እየመሰሉ ያለቅሱ ነበር። በእኛም አገር ሙሾ አውጪ አለች። በወንጌል እንደምናነበው በኢያኢሮስ ቤት ሲያለቅሱ የነበሩት ሰዎች፣ ጌታ ልጅቱ ተኝታለች ባለ ጊዜ ወዲያው ሳቁበት። ከልቅሶ ወደ ሳቅ የተሸጋገሩት እንባቸው ከልብ ስላልመነጨ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ራሱን ማውገዝ ስሕተት ነው። ሐዘን አፍን ይዘጋል። አልቃሽዋ የሟቹን ስም፣ ሞያና ደግነት እያነሣች ስትገጥም ቃል ላጣችው ሚስት ቃል ታበድራታለች፤ ዳር የቆመውንም ጎረቤት ወደ ሐዘኑ ታስገባዋለች። ጸሎተ ፍትሐትስ ቢሆን በተወሰነ ሥርዓት የሚደርስ አይደለምን? ስለዚህ ሥርዓት የሐዘን ጠላት አይደለም፤ ሐዘንተኛውን ተሸክሞ የሚያሻግር ድልድይ ነው። ጠላት የሚሆነው ሐዘኑን ትቶ የሰውን ዓይን ያገለገለ እንደሆነ ነው።

ምልክቱም አይሰወርም። የግብፅ ባለጸጎች መቃብራቸውን በሥዕልና በዕቃ ሲሞሉ፣ ድሃው በበረሃ አሸዋ ውስጥ ይቀበር ነበር። በእኛስ ዘንድ ለባለጸጋው ሙሾው ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ለድሃው ጥሩምባው ብቻ ተነፍቶ ያበቃ እንደሆነ፣ መበለቲቱም ለተዝካር ድግስ የእርሻ በሬዋን ሸጣ ልጆቿ ተርበው የከረሙ እንደሆነ፣ ያ ሥርዓት ለሟቹ ሳይሆን ለይሉኝታ የቆመ ነው። ቅድስት ሞኒካ በ387 እ.ኤ.አ. ገደማ ኦስትያ በተባለች የጣልያን ወደብ ለሞት በተቃረበች ጊዜ፣ ሥጋዋ የትም ይቀበር ዘንድ ፈቅዳ በመሠዊያው ፊት እንዲያስቧት ብቻ ለመነች። ልጇ ቅዱስ አውጉስጢኖስ በመጀመሪያ እንባውን እንደ ድካም ቈጥሮ አምቆት ነበር፤ በኋላ ግን ብቻውን ሆኖ በእግዚአብሔር ፊት አነባ፤ ይህንንም በኑዛዜው መጽሐፍ ሳያፍር ጻፈው።

የሞኒካ ቃል በተለይ በእኛ ዘመን ላሉት ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ መርዶ እንጂ አስከሬን ያልደረሳቸው ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። የልጁን ፎቶግራፍና ልብስ ይዘው ያለቅሳሉ፤ መቃብሩን ስለማያውቁ ግን ልቅሯቸው ያላለቀ ይመስላቸዋል። የጥንት ግብፃውያን ሥጋው ካልተጠበቀ የሟቹ ሕይወት ይጠፋል ብለው ይሠጉ ነበር። እኛ ግን የሰውን ስም የሚጠብቀው ድንጋይ ሳይሆን እግዚአብሔር እንደሆነ እናምናለን። ስለዚህ ያለ አስከሬን የሚደረግ ልቅሶና የሚቀርብ መሥዋዕተ ቅዳሴ ሙሉ ነው፤ አልጎደለም።

ክቡራን ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እንግዲህ የሚያለቅስን ሰው ለማስተማር አንቸኩል፤ አስቀድመን አብረነው እንቀመጥ። ፊቱን የሚነጨውን ወይም ሰውነቱን የሚያቆስለውን ግን እጁን በፍቅር እንያዝ፤ ኦሪትም ይህን ከልክላለችና። ድግሱን አሳንሰን ጸሎቱንና ምጽዋቱን እናብዛ። ይልቁንም ድንኳኑ ከተነሣ፣ የእድሩ ወንበር ከተመለሰ፣ አርባውም ካለፈ በኋላ ወደዚያ ቤት እንመለስ። ጎረቤት የሌለበት ዝምታ የሚከብደው ያን ጊዜ ነው።

በመቃብር ፊት ያነባ ጌታ ያንቀላፉትን ወገኖቻችንን በሰላም ያሳርፍልን፤ ሐዘንተኞችንም ያጽናልን። አሜን።