ፍላጻን በስለቱ፣ ብሬንን በምኑ?

“መሣሪያ በራሱ ምን ጥፋት አለበት? ጥፋቱ የያዡ ነው” ሲባል እንሰማለን። ቢላዋ ሥጋም ይቆርጣል፣ ሰውም ይወጋልና ለቢላዋ ክርክሩ ያስኬዳል። ለብሬንስ?

ሕዝባችን ብሬን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሩሲያ ሠራሹን ፒኬኤም ነው። ስሙን የወረሰው ከእንግሊዞች መትረየስ ሲሆን፣ እሱም ከቼኮዝሎቫኪያዋ ብርኖና ከእንግሊዟ ኤንፊልድ ተቆራርጦ የተሰፋ ነው። ፒኬኤም የካላሽኒኮቭ ሥራ ነው፤ ፒኬ የተባለው ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1961፣ የቀለለው ፒኬኤም በ1969 ለሶቪየት ጦር ተሰጠ። ክብደቱ 7 ኪሎ ተኩል ገደማ በመሆኑ አንድ ሰው ይሸከመዋል። በሁለት እግሩ ቆሞ አጥቂውን ያጅባል፤ በሦስት እግር ላይ ሲጫን ምሽግ ይጠብቃል። ሁለገብ መትረየስ የሚባለውም ለዚህ ነው። ጥይቱን ከረጅም ዝናር እየሳበ በደቂቃ ከ600 በላይ በሚሆን ፍጥነት ይተፋል። አፈሙዙ ሲግል ወዲያው በሌላ ይቀየራል። ምላጩ እስኪሳብ ድረስም ጥይት በጋለው ቤቱ ውስጥ አይቀመጥም፤ በሙቀቱ ብቻ እንዳይፈነዳ። ብልሃቱ ሁሉ ተኩሱ እንዳይቋረጥ የታሰበ ነው። ማንን እንደሚመታ የታሰበ ነገር ግን አላገኘሁበትም።

ጠመንጃ ሰውን ያነጣጥራል፤ መትረየስ ቦታን ይደበድባል። ጥይቶቹ ተበታትነው ይወርዳሉ፤ መሬቱ ሜዳ ከሆነ ደግሞ ከሰው ቁመት ሳያልፉ ብዙ መቶ ሜትር ይጓዛሉ። እንግዲህ ፎገራን አስቡ። ከርብና ከጉማራ ወንዞች አንስቶ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ክረምት ሲሆን ሩዝ አራሚው ቤተሰብ ከነልጆቹ ጎንበስ ብሎ የሚውልበት፣ ከብቱ የሚሰማራበት ነው። ወረታም የባሕር ዳር-ጎንደርና የደብረታቦር-ወልድያ መንገዶች መገናኛ ናትና የሚዋጋ ሁሉ ይፈልጋታል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ የገባበት ጦርነት ለእንዲህ ያለው ስፍራ ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ይንገረን።

ከወረታ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከደብረታቦር አጠገብ፣ ጋፋት አለ። ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ያሠሩት በዚያ ነው። ከሠሩት አውሮፓውያን ብዙዎቹ አገራችን የገቡት ሃይማኖት ሊሰብኩ ነበር! ካላሽኒኮቭም እ.ኤ.አ. በ2013 ከመሞቱ በፊት፣ በሠራው ጠመንጃ ለሞቱት ሰዎች ተጠያቂ እሆን ይሆን ብሎ ለሩሲያ ፓትርያርክ ጽፏል። ሠሪው ራሱ በጥያቄው ከተጨነቀ “ጥፋቱ የያዡ ብቻ ነው” ማለት ምን ያህል ያዛልቃል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍላጻ ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው፣ ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ልብ በሉ፤ ነገሩ ስለ ጦርነት አይደለም፣ ሰውዬውም ክፉ ሐሳብ የለውም። ቢሆንም የያዘው ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቀድሞ እንዲያስብበት ታዘዘ። የብሬን ስለት ግን አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚወድቅ ነው። እጅ አይደርስበትም። መያዝ የሚቻለው ከመነሻው፣ ከገበያውና ከማሳው ባለማስጠጋት ነው።

“ከሩዙ ውስጥ ቢተኮስብኝስ?” የሚል ይኖራል። ራሱን አይከላከል የሚል የለም። ነገር ግን ሩዙ የሸሸገው ተኳሹን ብቻ መሆኑን በምን አወቀ? አራሚዋም ከብት ጠባቂውም እዚያው ናቸው። “አላየሁም” የሚለው ቃል በሌላ መሣሪያ ይቅርታ ያሰጥ ይሆናል፤ ባለብሬኑ ግን አለማየቱን እያወቀ ነው የተኮሰው።