ፈርመን ያፈረስነው ውል

ወገኖቼ፣ የማንኪራና የዴቻ፣ የቦንጋና የመላው ካፋ ልጆች፣ በጫካው ማር ያደግን፣ በጫካው ቡና ልጆቻችንን የዳርን ሁላችን፣ እንስማ። ልባችን ደንድኗልና ዛሬ የሚነገረን ቃል ሊለሰልስ አይችልም።

እኛ ቃል የገባን ሕዝብ ነን፤ ያውም በጽሑፍ። በ1988 ዓ.ም. ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በቦንጋ ደን አሳታፊ የደን አስተዳደርን ካስጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ማኅበር አቁመናል፤ የደኑን ወሰን በእግራችን ዞረን ለይተናል፤ ዛፉን ቆጥረናል፤ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ውል ተዋውለናል። ፊደል ያልቆጠረው አባት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከወረቀቱ ግርጌ ተጭኗል። እኛ ልንጠብቅ፣ መንግሥት ሊያግዝ፣ ደረቁንና የወደቀውን በልክ ልንጠቀም፣ እርጥቡን ላንነካ፣ የነካውንም ልንቀጣ ተስማምተናል። ይህ ኪዳን ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ታዲያ ምን አደረግንበት? ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከተን ቁልፉን ለማን እንደሰጠን ዘነጋን፤ የማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ ቡና ለቀማ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ገበያ ነው እያልን ቀረን፤ የጥበቃ ተራችን ሲደርስ ልጅ ላክን፣ ልጁም ሳይሄድ ሲቀር አልጠየቅንም፤ ሌሊት የመጋዝ ድምፅ ሰምተን ወደ ማዶ ዞረን ተኛን፤ የቆረጠው የአክስታችን ልጅ ሲሆን ሽማግሌ ልከን ክሱን አስተውን፤ የወሰኑን ምልክት እርሻችን ሲሻገረው፣ ዘንድሮ አንድ ክንድ፣ ከርሞ አንድ ክንድ ሲገፋ፣ ዐይናችን እያየ ዝም አልን፤ ጽሕፈት ቤቱም በበኩሉ ሊቆጣጠር የፈረመውን ሪፖርት ሲጠየቅ ብቻ የሚያነሣው ሆነ። ውሉን ጠላት አልቀደደብንም። ቸል ብለን አበሰበስነው። በደላችን ይህ ነው።

ዋንዛ ሲወድቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ግንዱ ብቻውን አይወድቅም። የተንጠለጠለበት ቀፎ ይሰበራል፤ ሥሩ የበቀለው ኮረሪማ ይደቅቃል፤ ጥላ የሆነላት የጫካ ቡና ቅርንጫፏ ተገንጥሎ በጠራራ ፀሐይ ትቀራለች። ሰንጣቂው ጣውላውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ጫፍና ቅርንጫፉ በቡናው ላይ ተከምሮ ይበሰብሳል። ማን ያንሣው? በወረቀት የሰፈረ ነገር የለም። ጉዳቱን ማን ይካስ? ምስክር የለም። በምትኩ ማን ይትከል? የተጠየቀ የለም።

በጓሮአችን የምናደርገውም ከዚህ አይሻልም። ቤት ስናከራይ ውል እንጽፋለን፤ በሬ በእኩል ስናውል እንኳ እማኝ እንጠራለን። የመቶ ዓመት ዝግባ ልናስቆርጥ ግን ከመንገድ ዳር የሞተር መጋዝ የያዘ ሰው ጠርተን፣ ቀብድ ሰጥተን፣ በቃል ብቻ እንለቀዋለን። የትኛው ዛፍ? ሊቆረጥ ነው ወይስ ቅርንጫፉ ሊመለመል? ወደየት ይውደቅ? የጎረቤት ጣሪያ ቢሰብር፣ ሠራተኛው ከላይ ቢወድቅ ዕዳው የማን ነው? ይህን ሁሉ ሳንጽፍ የሰውንም የዛፉንም ነፍስ ለዕድል እንሰጣለን። ሠራተኛው ወድቆ ወገቡ ሲሰበርም በቃል የተስማማው ሁሉ ይክዳል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ሕጉ አልጎደለብንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የጸና መሆኑን ደንግጓል፤ በአንቀጽ 1724 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 1727 ደግሞ የጽሑፍ ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች እንዲጸና አዝዟል። የደን አዋጁም፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብ ደንን መብት አውቆልናል። አባቶቻችን ግን ይህ ሁሉ ሳይጻፍላቸው በኮቦ ሥርዓት የጫካውን ድርሻ ለይተው ይዘው፣ አንዱ ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ ሌላው አይደፍርም ነበር። እነርሱ ያለ ወረቀት የጠበቁትን እኛ በማኅተም ደፈርነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ስናገር ልቤ ያዝናል። ከጫካው ጋር የኖረውን፣ የማገዶውን ሸክም በጀርባው ተሸክሞ ገበያችን ያደረሰልንን የማንጆ ወንድማችንን ከማዕዳችን ለይተን፣ ዋንጫችንን ከልክለን ኖርን፤ ጫካው ሲሳሳም ከሰል የሚያከስል እርሱ ነው ብለን በእርሱ አሳበብን። የከሰሉ ገዢዎች ግን እኛው ነን። ወንድሙን ከማዕድ የለየ ሕዝብ በአንድ ወረቀት ላይ ከወንድሙ ጋር ፈርሜአለሁ ሲል ማን ያምነዋል?

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር መዝገብ ሲያሰፍር፣ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን ምድር የዓለም አደራ ሲባል እልል ብለናል። በቦንጋ የቡና ሙዚየም ቆሞልናል። እንግዳ ሲመጣ ማንኪራ ወስደን የቡና እናት ይቺ ናት እያልን ዛፏን እናሳያለን። እንግዳው ሲመለስ በዙሪያዋ ያለውን ጥላ እንመነጥራለን። በአፋችን አከበርናት፤ በእጃችን አራቆትናት።

እንግዲህ ንስሐ እንግባ፤ ንስሐ ግን እንባ ብቻ አይደለም። የሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ አይታጠፍ። ሣጥኑ ይከፈት፤ ውሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቀጽ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ በአማርኛም በካፊኖኖም። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ይምጣ፤ እርሱም ፈርሟልና ቆሞ ይጠየቅ። የማንጆ ቤተ ሰብ ከበሩ ውጭ ሳይሆን በመካከል ይቀመጥ፣ ድርሻውም በስሙ ይጻፍ። ወሰኑ እንደገና በእግር ይዞር፤ የተገፋው ክንድም ይመለስ። ከጓሮው ዛፍ የሚያስቆርጥ ሁሉ ዛፉን፣ ዋጋውን፣ ኃላፊነቱንና የሚተክለውን ችግኝ ጽፎ በሁለት ምስክር ያስፈርም።

በዚያም ቀን፣ ከመፈረማችን በፊት፣ ከመካከላችን ያስቆረጠ፣ የቆረጠ፣ አይቶም ዝም ያለ ይነሣና ይናገር። ሁላችንም መነሣታችን አይቀርም።