ሲሮጡ የታጠቁት

ልጆቼ፣ ልቡ የማይደነግጥ ሰው በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም። የረጋ የምንለው ሰውም ይደነግጣል፤ ግን እየደነገጠም የሚያደርገውን ያውቃል።

ቡና በደረሰ ጊዜ ወደ ይርጋ ጨፌ ወይም ወደ ወናጎ ሄዳችሁ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግቡ። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ታጥቦ አልጋ ላይ የተሰጣው ደግሞ ዝናብ ከነካው ጥራቱ ይወርዳል፣ የስንት ሰው ልፋትም አብሮ ይወርዳል። ሰማዩ ድንገት ሲጠቁር አንዱ ጣቢያ ጩኸት በጩኸት ይሆናል። ሌላው ጋ ሴቶቹ ድምፅ ሳያሰሙ ከአልጋ አልጋ እየተሻገሩ ይሸፍናሉ። እነዚህ ሴቶች ከሌሎቹ የተለየ ልብ ስላላቸው አይመስለኝም። ላስቲኩ ከጠዋት ጀምሮ በየአልጋው ራስጌ ተቀምጧል፤ ማን የቱን እንደሚይዝም አስቀድመው ተነጋግረዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እነሱ የታጠቁት ቁጭ ብለው ነው።

ለቁጣ ቀን ደግሞ አባቶቻችን ያሰናዱልን ሶንጎን፣ የእኛን የጌዴኦዎችን የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። እዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ተበደልኩ ባዩ የልቡን ሳይጨርስ ፍርድ አይቸኩልም። መዘግየቱ እንደሚያሰለቻችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን መድኃኒቱ እሱ ነው እላለሁ፤ ነገሩን ያሳደረ ሰው ሊናገር ካሰበው ብዙውን ይተወዋል።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ገደብና ኮቸሬ በተፈናቃይ ተጨናነቁ። ልጁን አዝሎ የሚሸሽን ሰው «ተረጋጋ» ማለት ነውር ነው፤ እሱን አልመክርም። ምክሬ ቤቱ ላልተነካበት ሰው ነው። የእሱ ድርሻ በሩን መክፈት፣ ያለውን ቆጮ መካፈልና ያልተጣራ ወሬ አለማቀበል ነው። ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ወሬ ያቀበለ ሰው የረዳ ይመስለዋልና።

እንግዲህ ስልካችሁ ላይ ክፉ ወሬ ደርሶ ደማችሁ ሲፈላ ጠይቁ፦ ያየው ማን ነው? የት? መቼ? መልስ ካጣችሁለት እናንተ ጋ ይቅር። በዚያች ሰዓት ደውላችሁ የምታጣሩበትን ሰው ግን ሰላም ሳለ፣ ዛሬውኑ ተወዳጁት። ጉጂ ሆኖ ቢገኝ ይበልጥ ደስ ይለኛል።