እውነቱን መናገር ይበቃል?

ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ አሜሪካ በባክኔል ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አስተምረዋል። በ1997 ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ተመርጠው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ታሰሩ። በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የዚያ ዓመት ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ፈተናን፣ ኩረጃ እንዳይኖር ተብሎ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ወሰዱ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እኔ አሰላ ስፈተን መልስ በስልክ ሲዞር አይቼ ዝም ብያለሁ። ስለዚህ ያ ቁጥር እኔንም ያሳፍረኛል፤ መነገሩንም እደግፋለሁ።

ግን ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ቴስት ሲወድቅ ስህተቱን ያሳየኛል እንጂ አያርምልኝም። ምሁር እውነቱን ከተናገረ ግዴታውን ተወጣ እንላለን። ሥልጣን ሲይዝ ግን እውነቱን መናገር የሥራው መጀመሪያ ነው። ላብራቶሪ ሳያይ ኬሚስትሪ ለተፈተነ የአርሲ ገጠር ልጅ ውጤቱ እውነት ነው፤ ፍትሕ ግን ገና አልደረሰውም።