ምሥጢርን ስለ መውደድና እውነትን ስለ መመርመር

የሰው ልብ ከተገለጠው ይልቅ የተሰወረውን ይወዳል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታተመው የዳን ብራውን ልብ ወለድ «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» ብዙ አንባቢ ያገኘው በዚሁ ጠባያችን ነው ብንል አልተሳሳትንም። ደራሲው ግን በመጽሐፉ መጀመሪያ፥ እውነት የሚል አርእስት ሰጥቶ፥ የጽዮን ማኅበር በ1099 እንደ ተመሠረተ ጻፈ። ማኅበሩ በ1956 ፒዬር ፕላንታርና ባልንጀሮቹ በፈረንሳይ ያስመዘገቡት ነው፤ ጥንታዊነቱን እንዲመሰክሩ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትም ወረቀቶች ሐሰተኞች ናቸው።

ተረትን ተረት ብሎ የሚነግረን አያታልለንም፤ በተረቱ ላይ የእውነትን ማኅተም የሚያትም ግን አመኔታችንን ይሰርቃል። ይሁንና እኛም ከነቀፋ አንድንም፤ የተሰወረውን ሁሉ እውነት ነው ብለን ከተቀበልን፥ ለሐሰተኛው በር የከፈትንለት እኛው ነን። ስለዚህ በምሥጢር መደሰት መልካም ነው፤ ከማመን አስቀድሞ መመርመር ግን ግዴታችን ነው።