የተከልነውን ማን ያጠጣዋል?
ስለ ፍጥረት አደራና ስለ ቁምስናችን ቅጥር



በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ስለ አንዲት በለስ የተነገረ አጭር ምሳሌ እናነባለን። የወይኑ ቦታ ባለቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬ ፈልጎባት ስላጣ እንድትቆረጥ ያዝዛል። አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት እንዲታገሣት ይለምንላታል። ሲለምንም ባዶ እጁን አይደለም፤ ዙሪያዋን ሊቆፍርላትና ፍግ ሊያደርግላት በራሱ ላይ ሥራ ይጨምራል። ይህን ምሳሌ ዘወትር ስለ ንስሐ እንሰብክበታለን፤ የሚገባም ነው። ዛሬ ግን የአትክልተኛውን ዶማና ፍግ ትኩር ብለን እንድናይ እንወዳለን፤ እኛ በቁምስናችን ቅጥር ውስጥ ስናደርግ የቆየነው የዚህን ተቃራኒ ነበርና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ችግኝ ተከልን። ካህኑ ባረኩ፤ ወጣቶች ዘመሩ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ጥቅምት ሲገባ ዝናሙ ቆመ፤ የሚያጠጣ ግን አልተመደበም ነበር። አጥሩ በምሥራቅ በኩል ክፍት ስለነበረ የመንደሩ ፍየሎች ገቡ። ዐቢይ ጾም ሲደርስ ከተከልነው የቀረው በጣት የሚቆጠር ሆነ። በሚቀጥለው ክረምትም በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ተከልን፤ ያው ዝማሬ፣ ያው ፎቶግራፍ። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። በሀገር ደረጃም ቢሆን ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ ሲነገር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የተተከለውን መቁጠር ግን ቀላል ነው፤ ከሦስት በጋ በኋላ የቆመውን መቁጠር ነው የሚከብደው።

በኦሪት ዘፍጥረት 2፥15 እግዚአብሔር ሰውን በገነት ሲያኖረው የሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ ማልማትና መጠበቅ። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ሁለተኛውን የተውን ይመስለናል። ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር ዝም አላለችም። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1979 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚን የሥነ ምኅዳር ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰየሙት፤ በጥር 1 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. የዓለም የሰላም ቀን መልእክታቸውም ከፈጣሪ ጋር ያለንን ሰላም ከፍጥረት ጋር ካለን ሰላም ጋር አያይዘው አስተማሩ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. ‹‹ላውዳቶ ሲ›› የተባለውን ዐዋዲ መልእክት ጻፉ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ‹‹ላውዳቴ ዴዉም›› በተባለው ጽሑፍ የአየር ንብረቱን መለወጥ አስመልክተው ዳግመኛ አሳሰቡ። በእነዚህ ጽሑፎች የምድር ጩኸትና የድሀው ጩኸት አይነጣጠሉም። እኛም ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ምንጩ በደረቀ ጊዜ እንስራ አዝላ ርቃ የምትሄደው ማን እንደ ሆነች እናውቃለን።

አንዳንድ ወንድሞች ይህ ትምህርት ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው ሲሉ እንሰማለን። በግእዝ ሥርዓት ለምንጸልይ ግን ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ መማለድ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው። ዘመነ ክረምት ራሱን የቻለ የጸሎት ወቅት ነው፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለ ዘርና ስለ ዝናም እንለምናለን፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ ዘመነ ጽጌ ይተካል። እንግዲህ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ለፍጥረት እንክብካቤ የሚጸለይበት ቀን ሴፕቴምበር 1፣ ማለትም ነሐሴ 26 ሲሆን፣ የፍጥረት ወቅት የሚባለውም በቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል ኦክቶበር 4 ይፈጸማል፤ ይህም በአብዛኛው መስከረም 24 ላይ ይውላል። ሜዳው አደይ ለብሶ ሳለ ነው። ከዚህ የተሻለ ወቅት ለስብከት የት ይገኛል? (በዚያው ወቅት ለመስቀል ደመራ የምንቆርጠው እንጨት ብዛት ግን ጥቂት ሊያሳስበን ይገባል። ደመራው ይቅር አላልንም፤ ቢያንስ ለጋ ዛፍ ለደመራ አይቆረጥ።)

ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም የምንማረው አለ። በደቡብ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በታረሰና በተራቆተ መሬት መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆነው የቀሩ ደኖችን ያያል፤ በእያንዳንዱ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽዱና ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው በሌላ ስፍራ ሲጠፋ በዚያ የቆየው ቅጥሩ የተቀደሰ ስለ ሆነ ነው። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ሲያጠኑ ቆይተው፣ ከብት እየገባ ችግኙን እንዳይጨርስ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመመካከር በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ በመሆኑ ማሳውም ለማረስ ተመቸ። ልብ በሉ፤ ደኑን ያዳነው አጥሩ እንጂ አዲስ ተከላ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደሚከብደን ጉዳይ እንምጣ። ከቁምስናችን በታች፣ ከምንጩ አጠገብ የባሕር ዛፍ ተክል አለን። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን ከገባ ጀምሮ ብዙ ቤት ሠርቷል፤ ብዙ ምድጃ አሙቋል፤ የሀገር በቀሉን ዛፍም ከመጥረቢያ አትርፏል። ስለዚህ እንደ ጠላት አንቈጥረውም። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ የሚስብ ዛፍ በመሆኑ በምንጭ ዳር የሚተከል አይደለም፤ ሽማግሌዎችም የምንጩ ውሃ በበጋ እየቀነሰ መምጣቱን ደጋግመው ነግረውናል። የዘገየንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አጣናው ተሽጦ የሚገኘው ገንዘብ በየገጠሩ ለሚያስተምሩት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አበል ይሆናል። ወንጌልን የሚያስተምረውን ለመደገፍ የጎረቤትን ውሃ ማድረቅ ይገባልን? ይህን ጥያቄ በሸንጎ ያነሣው አበሉን ከሚቀበሉት መምህራን አንዱ ነው። ከእርሱ በፊት ማንኛችንም አላነሣነውም፤ እናፍራለን።

ሸንጎው ከረጅም ውይይት በኋላ ለምንጩ የቀረበው መደዳ በዚህ በጋ ከነጉቶው እንዲነሣና በስፍራው ዋንዛና ሾላ እንዲተከል፣ ራቅ ያለው ግን እንዲቆይ ወስኗል። የሚጎድለውን አበል ምእመናን በመከር ጊዜ በእህል ሊያሟሉ ተስማምተዋል። በቂ ይሆን እንደ ሆነ መከሩን እናያለን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ለሕፃናት ስታስተምሩ ጌታችን አምስት ሺህ ሰዎችን ካበላ በኋላ ያደረገውን አትዝለሉት፤ ዮሐ. 6፥12 ላይ አንዳች እንዳይባክን ትራፊው እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን አዝዟል። ከክብረ በዓላችን ማግስት ቅጥሩን ስናይ ግን ፌስታልና በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ላስቲክ ተበትኖ እናገኛለን። ሕፃናቱ ትራፊውን በመሶብ እንደ ሰበሰቡት ሐዋርያት ይልቀሙት፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለበዓሉ ጋንና ጣሳ ቢመለስ መልቀሙም ይቀልላል። እናቶችን ስትጎበኙም ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ንገሩ። እንጀራ መጋገር የቤታችንን ማገዶ አብዝቶ የሚጨርስ ሥራ ነው፤ የተሻሻለው የምጣድ ምድጃም ከሦስቱ ጉልቻ ይልቅ እንጨትንም ጢስንም ይቀንሳል። ጢሱ የሚቀንሰው ከእናትና በጀርባዋ ካለው ሕፃን ሳንባ ነው።

ዘንድሮ የምንተክለውን ቁጥር ቀንሰናል። በዓመቱ ውስጥ ልጁን ያስጠመቀ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ችግኝ በስሙ ይቀበላል፤ ከጥቅምት እስከ ዝናም መምጫ ድረስ በየእሑዱ ወደ ቅዳሴ ሲመጣ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ይመጣል። ሩቅ ላሉትና ለደካሞች ወጣቶች ይተኩላቸዋል። የምሥራቁ አጥር ከተከላው በፊት ይዘጋል፤ ለዚህም ድንጋይ ማቅረብ የምትችሉ ለሸንጎው ጸሐፊ እንድታስታውቁ እንለምናለን። በጥር መጨረሻ ችግኞቹን አንድ በአንድ እንቈጥራለን፤ የጸደቀውንም የደረቀውንም በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።